ቁልፉን ለማን ሰጡ?

የጥር ሠርግ ላይ ነዎት። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሊመለሱ ሲሉ፣ «አንድ ብቻ!» እያለ ብርሌውን የሚሞላልዎ ዘመድ አይጠፋም። መሪውን ግን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። የገጠሩ ሰው ከገበያ የሚመለሰው፣ ከብቱንም የሚነዳው በዚያው አስፋልት ዳር ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 ለአሽከርካሪ አስቀምጦት የነበረው ጣሪያ በአንድ ሊትር ደም 0.8 ግራም አልኮል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ደግሞ ከ0.5 እንዳይበልጥ ነው። የጠላ፣ የጠጅና የአረቄ ጥንካሬ ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ መለኪያ ቆጥሮ ልክን ማወቅ አይቻልም። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ውኃ ስካርን አያወጣም፤ የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው።

ትራፊክ ፖሊስ ካስቆመዎ ዳር ይዘው ይቁሙ፣ መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩ፤ በትንፋሽ መመርመሪያ ከተመረመሩም ውጤቱን እንዲያሳይዎ በትሕትና ይጠይቁ። ቢያዙ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ምክንያቱ በሚገባዎት ቋንቋ ሊነገርዎ፣ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ሊቀርቡ ይገባል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ከቤት ሲወጡ የማይጠጣውን ሰው መርጦ ቁልፉን መስጠት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ እዚያው ይደሩ። ከመሞት መሰንበት ይሻላል፤ ሙሽሮቹም ቢሆኑ በማግስቱ መርዶ እንዲደርሳቸው አይሹም።