ስለ አጭር የፒያኖ ድርሰትና ስለ ደራሲው ማረፊያ

በልዩ ልዩ አገሮች የዜማ ደራሲን ለጥቂት ወራት ማደሪያ፣ ምግብና የሙዚቃ መሣሪያ ሰጥቶ፣ ከኑሮ ሐሳብ ነጻ አድርጎ ማስቀመጥ የታወቀ ልማድ ነው። ከነዚህ ማረፊያዎች አንዱ በአሜሪካ፣ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በፒተርቦሮ በ1907 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የማክዳውል ማረፊያ ነው። መሥራቾቹ ኤድዋርድ ማክዳውልና ባለቤቱ ማሪያን ሲሆኑ፣ ማክዳውል ራሱ በ1896 ዐሥር አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶች አሳትሞ ነበር። አጭር ድርሰት አንድ ሐሳብ ብቻ ይዞ በጥቂት ደቂቃ ስለሚያልቅ፣ ለእንዲህ ያለው የተወሰነ ጊዜ ይስማማል።

እንዲህ ያለ ማረፊያ በሆሳዕና ወይም በዱራሜ ቢቋቋም ለሐዲያና ለከምባታ ዜማ ምን ያስገኛል? ይህ የሚወሰነው ደራሲው ከተቀመጠበት አገር ጋር በሚኖረው ግንኙነት ነው።

ሾፓን ከ1838 እስከ 1839 በነበረው ክረምት በማዮርካ ደሴት፣ በቫልዴሞሳ በሚገኝ የቀድሞ ገዳም ተቀምጦ 24 አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶቹን ፈጸመ። ለእርሱ ቦታው መጠለያ እንጂ አስተማሪ አልነበረም። ቤላ ባርቶክ ግን አስቀድሞ በሃንጋሪ መንደሮች እየተዘዋወረ የገበሬዎችን ዘፈን በፎኖግራፍ ቀረጸ፤ ከዚያም ከ1908 እስከ 1909 ለሕፃናት የሚሆኑ አጫጭር የፒያኖ ድርሰቶችን ከመንደር ዜማ አዘጋጀ።

በኢትዮጵያ የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1923–2023) ናቸው። በስዊዘርላንድና በካይሮ የአውሮፓን ሙዚቃ ከተማሩ በኋላ በግሸን ማርያም መንኵሰው ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ፤ ኋላም በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጠኑ። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 በጀርመን ሲታተም ገቢው ለበጎ አድራጎት ዋለ። ለእርሳቸው ማረፊያው ገዳም፣ ቀለቡም የምናኔ ቀለብ ነበር። ፒያኖ ድምፁን እንደ ማሲንቆ ሊያንሸራትት አይችልም፤ አንዴ ከተመታ በኋላም ድምፁ እየከሳ ይሄዳል። እማሆይ ግን በዋናው ድምፅ ዙሪያ ፈጣን ጌጥ በመደርደር ያንኑ የዜማ እንቅስቃሴ በሌላ መንገድ አስገኙ። ግርማ ይፍራሸዋም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና በሶፍያ ተምረው፣ «አምባሰል»ን የመሰሉ የፒያኖ ድርሰቶች ጽፈዋል።

ነገር ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ሲባሉ የሚታወቁት ቅኝቶች በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ሙዚቃ የተሰየሙ ናቸው። ሆሳዕና የሚደርስ ደራሲ የሐዲያንና የከምባታን ዘፈን አስቀድሞ በነዚሁ አራት ስሞች ቢመድብ፣ ሳይሰማ ፈረደ ማለት ነው። በፒያኖ ላይ አንድ ኦክታቭ በ12 እኩል ክፍል የተከፈለ ስለሆነ፣ ዘፋኙ የሚያወጣው ድምፅ በሁለት ቍልፎች መካከል ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ደራሲው ወደ ቍልፉ ሲያቀርበው የለወጠውን ማወቅ አለበት።

ሌላው ችግር የቃል ነው። የሐዲያና የከምባታ ቋንቋዎች ከምሥራቅ ኩሽ ወገን ሲሆኑ፣ በሁለቱም የአናባቢ መርዘምና የተነባቢ መጥበቅ የቃልን ትርጕም ይለያል። የዘፈኑ ምት ከቃሉ ርዝመት ጋር የሚያያዝበትን ስፍራ ያላወቀ ደራሲ፣ ቃሉን ጥሎ ዜማውን ብቻ ወደ ፒያኖ ሲያመጣ የምቱን ምክንያት አብሮ ይጥለዋል።

እንግዲህ በዚያ አገር ለሚቋቋም ማረፊያ የመጀመሪያው ዕቃ ፒያኖ ሳይሆን ጆሮ ነው። ደራሲው የሠርግ፣ የለቅሶና የሥራ ዘፈን የሚያውቁትን ሰዎች እንደ መምህር ቈጥሮ ጊዜያቸውን ሊከፍል፣ ከፈቀዱም ስማቸውን በድርሰቱ ላይ ሊጽፍ፣ የቀረጸውንም ቅጂ በአገሩ ሊያስቀር ይገባዋል። ይህ ከተፈጸመ፣ ድርሰቱ የሁለት ደቂቃ ርዝመት ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ የኋላ ተመራማሪ ከቅጂው ጋር አስተያይቶ ከሕዝቡ የተወሰደውንና ደራሲው የጨመረውን ለይቶ ሊያውቅ ይችላል።