ላይብረሪ ፈላጊው ሲሜክ

በዘመናችን የሚጻፍ ፕሮግራም፣ ጸሐፊው ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ በራሱ ኮድ ብቻ ጸንቶ አይቆምም፤ ፋይል ለመጭመቅ ዚሊብን፣ ምስጢር ለመጠበቅ ኦፕንኤስኤስኤልን፣ ለሌላውም ጉዳይ ሌሎች ቀድመው የደከሙባቸውን ላይብረሪዎች ይዋሳል እንጂ። ይሁን እንጂ እነዚህ የውሰት ንዋያት በየኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ስፍራ የሚቀመጡ ስለ ሆኑ፣ ግንባታው ከመጀመሩ አስቀድሞ ያሉበትን መርምሮ የሚያስታውቅ መጋቢ ማስፈለጉ ግድ ነው። ከእነዚህ መጋቢዎች መካከል ስመ ጥር የሆነው ሲሜክ ነው።

ከእርሱ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በቤል ላብስ ስቱዋርት ፌልድማን የሠራው ሜክ የተባለ የግንባታ መሣሪያ፣ የትኛው ፋይል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚገነባ በሚገባ ያውቅ ነበር፤ ላይብረሪን ፈልጎ ማግኘት ግን የእርሱ ተግባር አልነበረም። በኋላም የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሕክምና ምስሎችን የሚተነትን አይቲኬ የተባለ ሶፍትዌር ባሠራ ጊዜ፣ ሶፍትዌሩ በዩኒክስም በዊንዶውስም መገንባት ስለ ነበረበት፣ የኪትዌር ኩባንያ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ሲሜክን አበጁ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራመሩ ሲሜክሊስትስ በሚባለው የትእዛዝ ጽሑፍ ውስጥ «ፋይንድ ፓኬጅ» ብሎ ዚሊብን ሲጠራ፣ ሲሜክ በተለመደው ሥርዓቱ አስቀድሞ ከራሱ ጋር የመጣውን የፍለጋ ጽሑፍ ከፍቶ ሁለት ምስክሮችን ይሻል፤ አንዱ ተግባራቱ የታወጁበትና ኮምፓይለሩ የሚያነበው ሄደር ፋይል፣ ሁለተኛውም ሊንከሩ ከፕሮግራሙ ጋር የሚያያይዘው የላይብረሪው ፋይል ነው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። እንዲህ ያለ የፍለጋ ጽሑፍ ያልተዘጋጀለት ላይብረሪ ሲሆን ደግሞ፣ ላይብረሪው ራሱ በተጫነበት ጊዜ ያኖረውን ኮንፊግ ፋይል ይፈልጋል፤ ይህም የባለቤቱ የራሱ ቃል በመሆኑ እትሙንና ተያያዥ ነገሮቹን አሟልቶ ይናገራል።

ላይብረሪው ከተለመደው ስፍራ ውጭ ተጭኖ እንደ ሆነ፣ «ሲሜክ ፕሪፊክስ ፓዝ» በሚባለው ተለዋዋጭ ዋናውን ፎልደር ብቻ ማመልከት ይበቃል፤ በሥሩ ያሉትን «ኢንክሉድ»ንና «ሊብ»ን ሲሜክ ራሱ ይደርስባቸዋል። አንድ ጊዜ ያገኘውን ግን በሲሜክካሽ መዝገብ ጽፎ ስለሚያኖር፣ አዲስ እትም በሌላ ስፍራ ቢጫን እንኳ የቀድሞውን መያዙ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መዝገቡን ደምስሶ፣ ወይም ከሲሜክ 3.24ኛ እትም ወዲህ በመጣው «ፍሬሽ» በሚለው አማራጭ ፍለጋውን እንደ አዲስ ማስጀመር ይገባል።

የዚህ ሁሉ ሥርዓት መሠረቱ አንድ ነው፤ ይኸውም የሚያስፈልገውን ነገር ከሚገኝበት ስፍራ መለየት። የራሱን ኮምፒዩተር አድራሻ በወል ጽሑፍ ውስጥ የሚቀርጽ ፕሮግራመር፣ ሥራው በእርሱ ጠረጴዛ ላይ ብቻ እንዲገነባ ፈርዶበታል። ስለዚህ የትኛው ላይብረሪ ከስንተኛው እትም ጀምሮ እንደሚያስፈልግ ለሁሉ በሚደርሰው ጽሑፍ ይታዘዝ፤ የት እንዳለ ግን እያንዳንዱ ለየራሱ ኮምፒዩተር ይንገር።