ሕመም አልባው ቁስል፦ የስኳር ሕመም፣ እግርና የደም ዝውውር

በጆሃንስበርግ መሃል ከተማ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች «ጄፒ» ብለው የሚጠሩት ጎዳና፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በይፋ የሚታወቀው በራሂማ ሙሳ ስም ነው። ሱቆቻቸው ከሚገኙባቸው ፎቆች አንዱ የሆነው «ሜዲካል አርትስ»፣ ስሙ እንደሚመሰክረው ቀድሞ የሐኪሞች መመርመሪያ ክፍሎች የነበሩበት ሕንፃ ነው። ዛሬ በዚያው ሥፍራ ነጋዴዎች ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው ይውላሉ። በእንዲህ ያለው ውሎ የእግር ድካም የተለመደ ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን እግሩ ሲያመው ብቻ ሳይሆን ማመሙን ሲያቆምም ሊያሰጋው ይገባል።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ እግርን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛው በነርቮች በኩል ነው። በተለይ ሌሊት የውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ይወረራል፤ ውሎ አድሮም ይደነዝዛል። ሁለተኛው በደም ሥሮች መጥበብ የሚመጣ ነው። ሲራመዱ ባት ያምማል፣ ቆም ሲሉ ይለቃል። የደነዘዘ እግር ግን ይህን ምልክት እንኳ ሊሰውር ይችላል። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ሳትታወቅ ታቆስላለች፤ በቂ ደም የማይደርሰው ቁስል አይድንም፤ ቢመረቅዝም እስከ መቆረጥ ሊያደርስ ይችላል።

በደቡብ አፍሪካ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የስኳር ሕመም ከሳንባ ነቀርሳ ቀጥሎ ሁለተኛው የተፈጥሮ ሞት ምክንያት ነበር።

ጥንቃቄው በየዕለቱ እግርን ከማየት ይጀምራል። የውስጥ እግርን በመስታወት መመልከት፣ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት ማድረቅ፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት ማራገፍ ያስፈልጋል። በባዶ እግር መሄድና የደነደነ ቆዳን በምላጭ መላጥ ጎጂ ናቸው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ በሚዘልቀው የጆሃንስበርግ ክረምት እግርን ወደ ማሞቂያ ማስጠጋት ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ምቾት ቢመስልም፣ የደነዘዘ ቆዳ መቃጠሉን አይናገርም። የውሃውን ሙቀት በክርን መለካት ይበጃል።

ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ ያሻል። ባለሙያው በ10 ግራም ኃይል የሚታጠፍ የናይለን ክር የውስጥ እግርን እየነካ ስሜት መኖሩን ያጣራል፤ የቁርጭምጭሚትን የደም ግፊት ከክንድ ጋር አነጻጽሮም ዝውውሩን ይገምታል። በዶርንፎንቴይን የሚገኘው የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የእግር ሕክምና ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ክሊኒክም አለው።

እንደ አሚትሪፕቲሊንና ፕሪጋባሊን ያሉ መድኃኒቶች የነርቭ ሕመምን ያስታግሣሉ፤ የተጎዳውን ነርቭ ግን አይጠግኑም። ስኳርን፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን መቆጣጠር ጉዳቱ እንዳይባባስ ይረዳል። ማጨስን ማቆምና ቁስል በሌለበት ጊዜ አዘውትሮ መራመድ ለደም ዝውውር ይጠቅማል።

ቁስል፣ የቀለም ለውጥ፣ ወይም ድንገተኛ እብጠትና ሙቀት የታየበት እግር ባያምም እንኳ በዚያው ቀን ለሐኪም መታየት አለበት።