ባያድነንስ?

በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን የጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ገና ሳይነጋ ነጠላ በለበሰ ሕዝብ ይሞላል። ሰባኪው በዚያ ቀን የሚያነሣውን ታሪክ ከእናንተ መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ንጉሥ ናቡከደነፆር ያቆመው የወርቅ ምስል፣ አንሰግድም ያሉት ሦስቱ ወጣቶች፣ ከቀድሞው ሰባት እጥፍ የነደደው እቶን፣ በመጨረሻም በእሳቱ መካከል ሲመላለስ የታየው አራተኛው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ይህ አራተኛ መልአኩ ገብርኤል ነው። እሳቱ መብረዱ ሲነገር ሕዝቡ በእልልታ ይመልሳል።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ እልልታ የማያገኝ አንድ ነገር አለ። ወጣቶቹ ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። በመጀመሪያ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ። ቀጥለውም ባያድናቸው እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ አስታወቁ። ይህም በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ከቁጥር 17 እስከ 18 ይገኛል። ብዙዎቹ ሰባክያን በፊተኛው ላይ ይቆያሉ፤ ኋለኛውን እንደ ዳገት መንገድ ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። እኔ ግን ዛሬ በዚሁ በኋለኛው ላይ ከእናንተ ጋር ጥቂት መቆየት እሻለሁ።

ደግሞም ሦስቱ ወጣቶች እነማን እንደ ነበሩ ልብ በሉ። አገራቸው ተወርሮ ከኢየሩሳሌም ወደ ባቢሎን የተወሰዱ ልጆች ናቸው። ስማቸው ተለወጠ፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል መባላቸው ቀርቶ ሌላ ስም ወጣላቸው። ሦስት ዓመት የባዕድ ቋንቋና መጽሐፍ ተማሩ፤ ከዚያም በባቢሎን አውራጃ ሥራ ላይ ተሾሙ። እንግዲህ በእኛ አነጋገር ፊት ተማሪዎች፣ ኋላም የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ ማለት ነው። ያልጠበቁት የሕይወት ለውጥ የጀመረው ከእቶኑ አፍ ሳይሆን ገና በልጅነታቸው ከቤታቸው በወጡ ዕለት ነው።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንለው ይህ ክፍለ ከተማ ከስሙ ግማሹን ያገኘው ከገመድ አልባው ቴሌግራፍ ነው። ሽቦ ሳይኖረው የሚመጣ ወሬ ለአያቶቻችን በነፋስ የሚሄድ ስልክ መስሎ ታይቷቸው ነበርና። ዛሬም ኑሯችንን የሚገለብጠው ወሬ የሚመጣው እንደዚያው ነው። በጥር ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ አራት አልሞላም ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ወደ አንድ በር ሲጓዝ የኖረ ልጅ፣ በእጁ በያዘው ስልክ ላይ በአንዲት ደቂቃ ውስጥ በሩ ተዘግቶ አገኘው። መሥሪያ ቤት ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ አዲስ መዋቅር ይመጣል፣ ድልድል ይለጠፋል፣ ሰውዬው ስሙን በሰሌዳው ላይ ከላይ እስከ ታች ቢፈልግ ያጣዋል። ሌላው ደግሞ ቤቱ ይፈርስና ከእድሩና ከቡና ጎረቤቱ ተለይቶ የማንንም ስም በማያውቅበት በጀሞ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ዕቃውን ያራግፋል።

እንዲህ ላለው ሰው የገብርኤል ዕለት ስብከት ምን ይረባዋል? የእርሱ እሳት አልበረደምና።

መልሱን የሚሻ ሰው ከዚያው ከጎፋ ገብርኤል ግቢ ሳይወጣ ሊያስብበት ይችላል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ያረፉት እዚያ፣ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነውና። ከእቶን ስለ መዳን በሚነገርበት ግቢ ውስጥ፣ ከእቶን ያልዳኑ አባት ተኝተዋል።

አቡነ ቴዎፍሎስ የጎጃም የደብረ ኤልያስ ተወላጅ ናቸው። በ1940 ዓ.ም. በግብፅ ጵጵስና ከተሾሙት አምስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆነው የሐረርጌ ጳጳስ ሆኑ። በግንቦት ወር 1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት እጅ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት አቡነ ባስልዮስ የተሾሙት በካይሮ ስለ ነበረ፣ በገዛ አገሩ የተቀባ የመጀመሪያው ፓትርያርክ እርሳቸው መሆናቸው ነው። ከዚህ በላይ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረም። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው፣ በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም.፣ ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው። ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሦስት ጳጳሳት ሾመዋል የሚል ነበር። ከሦስቱ አንዱ፣ ኋላ በ1984 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ጳውሎስ፣ እሳቸውም ለብዙ ዓመት ታስረዋል። አቡነ ቴዎፍሎስ ከእስር ቤት ወደ መንበራቸው አልተመለሱም፤ ነሐሴ 8 ቀን 1971 ዓ.ም. ተገደሉ።

እንግዲህ ተስፋ ማለት የጠፋው ነገር ተመልሶ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ የእኚህ አባት ተስፋ በእስር ቤት ደጃፍ ቀርቷል ማለት በተገባ ነበር። ዳሩ ግን ከመታሰራቸው በፊት የሠሩትን አንድ ሥራ እንመልከት። በ1965 ዓ.ም.፣ ማንም ስለ አብዮት ሳያስብ፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ በእርሳቸው ዘመን ወጣ። ነገሩ ሲሰሙት ደረቅ የጽሕፈት ቤት ወሬ ይመስላል፦ በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚመርጡት ሰበካ ጉባኤ ይቋቋም፣ አባላት መዋጮ ያዋጡ፣ ሒሳብ ይያዝ የሚል ነው። ብዙዎች በዚያን ጊዜ የሚያስፈልግ አልመሰላቸውም፤ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ በመሬቷ የምትተዳደር ባለ ርስት ነበረችና።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። በአንድ አዋጅ የቤተ ክርስቲያን መሬት ሄደ። ከመሬቱ ይበላ የነበረው ካህንና ዲያቆን፣ ከመሬቱ የሚገዛው ዕጣንና ጧፍ ሁሉ ያለ አለኝታ ቀሩ። ያን ጊዜ የተገኘው ያ ደረቅ ደንብ ነው። ምእመናን በየወሩ ከኪሳቸው ሳንቲም እያወጡ አጥቢያቸውን መያዝ ጀመሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ተስፋ አንዳንድ ጊዜ የሚመጣው በራእይና በሕልም ሳይሆን የአባላት መዝገብ ሆኖ ነው። መዝገቡን ያሰቡት አባት ግን ፍሬውን እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም።

ከጎፋ ወደ ምዕራብ ጥቂት ብንሄድ መካኒሳን እናገኛለን፤ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ያለው እዚያ ነው። ይህን ስም ካነሣን ቄስ ጉዲና ቱምሳን ሳናስታውስ ማለፍ አንችልም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈትተዋል። በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት በጁልየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸው ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በኡራኤል አካባቢ ካለው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሰብከው ሲወጡ ታፈኑ፤ ከዚያም ተገደሉ። የጀርመኑን ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈርን ታሪክ ያነበበ ሰው ሁለቱን ማስተያየቱ አይቀርም። ቦንሆፈርም በ1939 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ በሰላም ሊቀመጥ ሲችል ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ1945 ናዚዎች ሰቀሉት።

ለእኔ ግን ከቄስ ጉዲና ይልቅ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ታሪክ ለተራው ሰው የቀረበ ሆኖ ይታየኛል። ሰማዕት ምርጫ አለው፤ ሂድ ቢባል አልሄድም ይላል። ወይዘሮ ፀሐይን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። በአንድ ቀን ባላቸውን አጡ። በሕይወት ይኑሩ ወይም ይሙቱ እንኳ የሚነግራቸው አልነበረም፤ እርም ለማውጣትም አልታደሉም። ከጥቂት ወራት በኋላ እሳቸውም ተይዘው ተሠቃዩ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ወደ ዐሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። ዐሥር ዓመት ማለት ልጅ ከአንደኛ ክፍል ተነሥቶ ማትሪክ ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ወጡ፤ እምነታቸውም አብሯቸው ወጣ። ያለፈባቸውንም ለሰው አወሩ። ባላቸው አልተመለሱም። እነዚያም ዓመታት አልተመለሱም።

አንባብያን ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምጽፈው የእናንተ ችግር ከእነዚህ ሰዎች መከራ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው ለማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ንጽጽር ማንንም አጽናንቶ አያውቅም። ባል ለሞተባት ሴት የሌላይቱ ሦስት ልጅ ሞቶባታል ብሎ መንገር ጭካኔ ነው። የምለው፣ የእምነት ተስፋ የቱ እንደሆነ ለይተን እንወቅ ነው፤ በከተማችን በዚህ ስም የሚሸጥ ሌላ ነገር በዝቷልና። በቴሌቪዥን ላይ ቆሞ በዚህ ወር ቪዛህ ይመጣል፣ በዚህ ሳምንት ሹመትህ ይወጣል የሚለውን ታውቁታላችሁ። ቀን የተቆረጠለት ተስፋ ቀኑ ሲያልፍ ሰውዬውን ከፊተኛው ይልቅ ባዶ አድርጎ ይጥለዋል። ሦስቱ ወጣቶች ግን ለንጉሡ ቀን አልቆረጡለትም።

ሌላው ደግሞ ለበጎ ነው የሚለው ቸኩሎ የሚመጣ ቃል ነው። ቃሉ በራሱ መልካም ነው፤ ባለቤቱ፣ መከራውን የቀመሰው፣ ከዓመታት በኋላ ሊለው ይችላል። ጎብኚ በመጀመሪያው ቀን ሲለው ግን ኀዘንተኛውን ዝም ለማሰኛ ይሆናል። የኢዮብ ወዳጆች ጥፋታቸው መናገራቸው እንጂ መምጣታቸው አልነበረም። በመጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ያ ሰባት ቀን ከኋላው ንግግራቸው ሁሉ ይበልጣል። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቅበታል። ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ለሠልስት ይመጣል፣ ለዐርባ ይመጣል። ሥራ ላጣና ፈተና ለወደቀ ግን ድንኳን የሚተክል እድር ገና አላቋቋምንም፤ እንዲህ ያለው ኀዘንተኛ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

ከላይ ባነሣሁት ዓመት ውጤቷ እንዳሰበችው ያልመጣላት አንዲት ተማሪ ነበረች። ትምህርቷን የምትወድ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባት በቀር ሌላ አሳብ ያልነበራት ልጅ ናት። ሦስት ቀን ምግብ አልበላ ብላ እናቷ ወደ ንስሐ አባታቸው ወሰደቻት። ካህኑ ለበጎ ነው አላሏትም። የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው ብለውም አልተነበዩላትም። ዝም ብለው አብረዋት ቆዩና በመጨረሻ «ልጄ፣ ነገ ጧት የት ትውያለሽ?» ብለው ጠየቋት። የምትውልበት አልነበራትም። «እንግዲያስ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሒሳብ የሚያስጠናቸው ያጡ ሕፃናት አሉ፤ በሁለት ሰዓት ነይ» አሏት። ይህን ያጫወተችኝ ራስዋ ናት። በሚቀጥለው ዓመትም ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። የኤሌክትሪክ ሥራ ተማረች፤ ዛሬ ሠርታ ታድራለች፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡትን ጓደኞቿን ስታይ አሁንም ቅር እንደሚላት አልደበቀችኝም። እምነቷ ቅሬታዋን አላጠፋላትም። በሁለት ሰዓት የምትሄድበት ቦታ ግን ሰጥቷታል።

እንዲህ ያለውን ነገር ትንሽ ነው የሚል ይኖራል። ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሰው ግን ምን ያህል እንደሆነ ያውቀዋል።

የአቡነ ቴዎፍሎስም የቄስ ጉዲናም አፅም የተገኘው በአንድ ግቢ፣ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ መኖሪያ በነበረው ቦታ ነው። በሕይወት ሳሉ በሁለት ቤተ ክርስቲያን የነበሩትን ሰዎች ገዳዮቻቸው በአንድ አፈር ጨመሯቸው። በ1984 ዓ.ም. የፓትርያርኩ አፅም ከዚያ ወጥቶ በክብር ወደ ጎፋ ገብርኤል መጣ። እስከዚያ ድረስ 13 ዓመት ሙሉ መቃብራቸው በይፋ አይታወቅም ነበር፤ በአደባባይ ስማቸውን አንሥቶ የሚያለቅስም አልነበረም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በየአጥቢያው የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ፣ ቃለ ዓዋዲው እንደሚያዘው፣ ለአንድ ብርም ለሁለት ብርም መዋጮ ደረሰኝ ይቆርጥ ነበር።