ማይቲሊ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በእንግሊዝኛ ማይት ማለት ኃይል፤ ማይቲ ማለት ኃያል ነው። ሊ ሲጨመርበት ማይቲሊ ይሆናል፤ ፍችውም በኃይል፤ በብርቱ ማለት ነው። ነገር ግን መምህሩ ይጠንቀቅ። በኩልመስክ ደጋ ነፋሱ በብርቱ ነፈሰ ሲባል ቃሉ ጉልበትን ያሳያል፤ ገበሬው በዝናሙ እጅግ ደስ አለው ሲባል ግን ያው ማይቲሊ የደስታውን ብዛት ያመለክታል። ሁለቱንም በኃይል ብሎ የሚተረጉም ተማሪ አማርኛውን ያበላሻል። ደግሞም በአማርኛ አጥብቆ ለመነ፤ አጥብቃ ለመነች፤ አጥብቀው ለመኑ እየተባለ ቃሉ ከባለቤቱ ጋራ ይለወጣል፤ የእንግሊዝኛው ግን ለወንድም ለሴትም ለብዙም አንድ ነው። ዛሬ በንግግር ከመሰማቱ ይልቅ በመጽሐፍ ይነበባል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1611 ዓ. ም. በታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ቁጥር 20 ይገኛል።