ከእርሻ ወደ ምክር ቤት፦ የኬንያ ነጭ ሰፋሪ ፖለቲከኞች

የኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች ፖለቲካ ከመሬት ጥያቄ ተለይቶ አያውቅም። ከሞምባሳ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1901 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲደርስ፣ እንግሊዞች ያወጡበትን ገንዘብ የሚመልስ ጭነት ፈለጉ። አገሬው አራሽና ከብት አርቢ ነበር፤ እነሱ ግን ገበሬ ከባሕር ማዶ አስመጡ።

ከመጡት መካከል ስሙ የገነነው ሎርድ ዴላሜር ነው። በ1870 የተወለደው ይህ የመኳንንት ወገን በሶማሌላንድ አንበሳ ሲያድን ቆይቶ በ1897 የኬንያን ደጋ አየ። በ1903 ንጆሮ ላይ 100,000 ኤከር፣ ማለትም 40,000 ሄክታር ያህል፣ ለ99 ዓመት በሊዝ ተሰጠው። መሬቱ ግን አልተመቸውም። በጎቹ ማዕድን ባነሰው ግጦሽ አለቁ፤ ስንዴውን ዋግ መታው። እሱም እንግሊዝ ያለውን ርስቱን አስይዞ ተበደረና ዋግ የሚቋቋም ዘር ማዳቀል አስጀመረ። ለዚህ ጽናቱ ምስጋና አይነፈገውም።

ፖለቲካው ሌላ ነው። የሕግ አውጪው ምክር ቤት በ1907 ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ሆነ፤ እስኪሞትም፣ እስከ 1931፣ የሰፋሪዎቹ መሪ ነበር። ደጋው ለነጭ ብቻ ይሁን፣ በኬንያ የሚኖሩ ሕንዶች እኩል የመምረጥ መብት አያግኙ ብሎ ተሟገተ። ማሳይ እረኞቹን ይወድ ነበር ይባላል። ማሳዮቹ ግን በ1904 ከስምጥ ሸለቆ ግጦሻቸው ወደ ላይኪፒያ፣ በ1911 ስምምነት ደግሞ ከላይኪፒያም እንዲነሡ ተደረገ። በ1923 ለንደን የአፍሪካውያን ጥቅም ይቀድማል ብላ ስታውጅ ሰፋሪዎቹ የተመኙት ራስ ገዝነት ቀረባቸው፤ ደጋው ግን በእጃቸው ቆየ። የመጀመሪያው አፍሪካዊ፣ ኤሊዩድ ማቱ፣ ምክር ቤቱ የገባው በ1944 ነው።

ማይክል ብለንደል ሌላ መንገድ ያዘ። በ1925 መጥቶ ገበሬ ሆነ፤ በ1948 ምክር ቤት ገባ፤ ኋላም የግብርና ሚኒስትር ሆነ። በ1960 ከለንደኑ የላንካስተር ሀውስ ጉባኤ ሲመለስ፣ ለአፍሪካውያን አገዛዝ በር ከፍተሃል ያለ ሰፋሪ ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሠላሳ ሳንቲሞች ወረወረበት፤ ይሁዳ ማለቱ ነው። ብለንደል ግን ከነፃነት በኋላም ኬንያን አልለቀቀም።

ዴላሜር ጎዳና ዛሬ ኬንያታ ጎዳና ይባላል። ሐውልቱም ከናይሮቢ ተነሥቶ ሶይሳምቡ ወዳለው እርሻ ተወስዷል፤ ያ እርሻ ዛሬም የዴላሜር ቤተሰብ ነው።