ቤትም እንደ ፊደል ይነበባል



ፊደል ቆጥራችኋል። ስማችሁን መጻፍ ችላችኋል። የሱቅ ማስታወቂያም ታነባላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ደግሞ ከወረቀት ውጭ ስላለ ንባብ እንጫወት። ቤት ይነበባል ብንላችሁ ምን ትላላችሁ? አዎ፣ ይነበባል! እስቲ ወደ ሐረር እንሂድና እንየው።

አሮጌዋ የሐረር ከተማ በግንብ የታጠረች ናት። ግንቡ ጀጎል ይባላል። የተሠራው ከ13ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። የጥንት በሮቹ አምስት ናቸው። በውስጡ 82 መስጊዶች አሉ። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐረር ጀጎልን የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቧታል። ቅርስ ማለት ካለፉት ሰዎች የወረስነው፣ ለሚመጡት የምናስተላልፈው ነገር ማለት ነው።

ለመኪና ሲባል በኋላ በተከፈተው በሐረር በር ገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ፈረስ መጋላ ትደርሳላችሁ። መጋላ ማለት ገበያ ነው። ከዚያ መኪና ግርግር ወደሚባለው ጠባብ መንገድ ግቡ። እዚህ መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ሲሰፉ የመኪናቸው ድምፅ ለመንገዱ ስም ሆኖ ቀረ። አያችሁ? የመንገድ ስም እንኳ ታሪክ ይናገራል።

ከዚህ መንገድ ፈቀቅ ስትሉ ከጎረቤቶቹ ሁሉ የተለየ ቤት ታያላችሁ። ፎቅ ነው። ፊቱ በእንጨት ሥራ አጊጧል። በመስኮቶቹ ላይ ባለ ቀለም መስተዋት አለ። ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የጣሪያው ሆድ በሥዕል ተሸልሟል። የከተማው ሰው የራምቦ ቤት ይለዋል። ዛሬ ሙዚየም ነው።

አሁን ማንበብ እንጀምር። መጀመሪያ ጌጡ የት እንዳለ እንይ። የዚህ ቤት ጌጥ ወደ ውጭም ይታያል። መንገደኛውን «ና፣ እየኝ» የሚል ይመስላል። የሐረሪዎች የጥንት ቤት ግን እንዲህ አይደለም። ከውጭ የሚታየው አጥርና በር ብቻ ነው። ጌጡ ያለው ከውስጥ ነው። ስትገቡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ። ሰው የሚቀመጠው እንደ ማዕረጉና እንደ ዕድሜው ነው። በግድግዳው ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫ የተቦረቦሩ ቦታዎች አሉ። ስፌቱና ሳህኑ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ዓይን ይስባል።

ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ተደረገ። ሐረር በምኒልክ አገዛዝ ሥር ሆነች። ከዚያ ወዲህ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ መጡ። ሲመጡ ዕቃ ብቻ አላመጡም፤ የቤት አሠራራቸውንም ይዘው መጡ። ባለ ፎቅና ባለ ሰገነት ቤት ሠሩ። የራምቦ ቤት የሚባለውንም ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው። እንግዲህ እንጨቱና መስተዋቱ የሚነግሩን ይህን ነው፤ ሐረር ከሩቅ አገር ጋር የምትነግድ ከተማ ነበረች።

ሁለተኛ ስሙን እናንብብ። ራምቦ ማን ነበር? አርቱር ራምቦ የፈረንሳይ ባለቅኔ ነው። ገና በወጣትነቱ ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ ሆነ። በ1873 ዓ.ም. ሐረር መጣ። ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። የሐረርን ፎቶግራፍም አንስቷል። በ1883 ዓ.ም. እግሩን ታሞ፣ በሰው ሸክም እስከ ባሕር ወደብ ተወሰደ። በ1884 ዓ.ም. በአገሩ በማርሴይ ከተማ ሞተ። ዕድሜው 37 ዓመት ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! ቤቱ የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው። ስለዚህ ራምቦ በዚህ ቤት አልኖረም። ስሙን ብቻ አይቶ «እዚህ ኖሯል» ብሎ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። አንባቢ ሰው ግን ይጠይቃል። ማን ሠራው? መቼ? በምን ታወቀ? ማንበብ ማለት የተጻፈውን ሁሉ ማመን አይደለም እኮ። ማንበብ ማለት አንብቦ ማመዛዘን ነው።

ነገሩን ጠለቅ ብለን እንየው። ዝነኛው ሰው ባልኖረበት ቤት ላይ ስሙ ቀረ። እንጨቱን የጠረቡት፣ ጣሪያውን የሳሉት፣ ድንጋይና ጭቃ የተሸከሙት ሰዎች ግን ስማቸው በማንም አፍ የለም። ለምን? ስም ካልተጻፈ ይረሳል። የድሮ በር ተነቅሎ በቆርቆሮ በር ሲተካም እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ከመጽሐፍ እንደ መቅደድ ይቆጠራል። የተቀደደው ገጽ ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ስለዚህ ወደዚህ ቤት ስትሄዱ አትፈሩ። ሙዚየም ለውጭ አገር እንግዳ ብቻ የተሠራ አይደለም። የእናንተም ነው። የመግቢያውን ትኬት ራሳችሁ አንብቡት። ከፎቶግራፎቹ ሥር ያለውን ጽሑፍ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በማታውቁት ቋንቋ ከተጻፈ አስጎብኚውን ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር የለውም። ልጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። እንጨቱንና ሥዕሉን በዓይን እንጂ በእጅ አትንኩ።

ሐረር መሄድ የማትችሉም አትዘኑ። በሠፈራችሁ አሮጌ ቤት፣ ድልድይ ወይም የውኃ ጉድጓድ አይጠፋም። ማን እንደሠራው ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ስሙንና ዓመቱን በደብተራችሁ ጻፉ። ሁለት መስመር ይበቃል። ትናንት ይህን ማድረግ አትችሉም ነበር። ዛሬ ትችላላችሁ።

በሉ ደኅና ሁኑ! ከመለያየታችን በፊት ግን በእነዚህ ጥያቄዎች ተወያዩ፦

1. የራምቦ ቤት ጌጥና የሐረሪ ቤት ጌጥ በምን ይለያያሉ?
2. ራምቦ በዚህ ቤት እንዳልኖረ በምን እናውቃለን?
3. በአካባቢያችሁ ያለውን አንድ አሮጌ ሥራ የሠራው ማን ነው? ጠይቃችሁ ጻፉ።